መሪጌታና የኦልት ቁልፍ

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን መሪጌታ አልነበሩም። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ነን። «እኔ ተራ ቁም ጸሐፊ ነኝ» እያሉ ዓመት ሙሉ ተከራክረውናል፤ አልሰማናቸውም። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ስለነበር፣ ስብሰባ ላይ «ጓድ መሪጌታ» ተብለው ሲጠሩ አንገቱን ደፍቶ የማይስቅ አልነበረም፤ ከካድሬያችን ከአንዳርጋቸው በቀር። እሱ ስብሰባ ላይ አይስቅም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፍ ላይ ነው። ስሙ እጅግ ረጅም ስለነበር ሙሉውን የሚያውቀው ማኅተሙ ብቻ ነበር። ለአሣ አስጋሪ ማኅበራት መረብና ሞተር እናከፋፍላለን፤ ከሐይቁ ማዶም ጎርጎራ ላይ አንድ መጋዘን ነበረን። እኔ ፅጌ ማርያም ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ከመሪጌታ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ታይፕ እንመታለን። እኔ ፈጣን ነበርሁ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ለአዲስ አበባ የሚላከውን ሁሉ የምመታው እኔ ነኝ። እሳቸው ቀርፋፋ ስለነበሩ የውስጡ ሥራ የሳቸው ነው። ግን ከሳቸው እጅ የወጣ ወረቀት እንደ ዳዊት ያምራል። የኔን ወረቀት በተመለከተ ዛሬም ቢሆን መነጋገር አልወድም።

መሪጌታ የዘጌ ሰው ናቸው። ከአጎታቸው ዘንድ ብራና ሲፍቁ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ኋላም ሲጽፉ ነው ያደጉት። የቁም ጸሐፊ ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው፤ ሁለት ብዕር ይያዛል፣ አንዱ ለጥቁር ቀለም፣ አንዱ ለቀይ። የጌታ፣ የእመቤታችን፣ የቅዱሳኑ ስም በጥቁር አይጻፍም። ጸሐፊው እዚያ ስም ላይ ሲደርስ ጥቁሩን ያስቀምጥና ቀዩን ያነሣል። በአሥራ አንድ ዓመታቸው «ማርያም» የሚለውን በጥቁር ቢጽፉ አጎታቸው ገጹን በሙሉ በምላጭ አስፋቋቸው፤ ሲፍቁ የዋሉት ከጦም ውሎ ጋር ስለተገናኘባቸው አልረሱትም። ከዚያ ወዲህ ማሰብ አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸው ራሱ ያስባል።

ከተማ ገብተው ታይፒስት ሲሆኑ የጽሕፈት መኪናው ሪባን ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ አገኙት። ይህን የሠራውን ፈረንጅ እስኪበቃው መረቁት። እንግዲህ የተክለ ጊዮርጊስ የዓመት ፈቃድ ከመሪጌታ እጅ ሲወጣ «ጊዮርጊስ» ቀይ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ የወለተ ሥላሴ የሳሙና መጠየቂያ ሲመታ «ሥላሴ» ቀይ ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ብለን ሳቅን፤ ቆይተን እኛም ለመድነው።

በ1980 ዓ.ም. ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። አንድ ክፍል ተለቀለት፣ መጋረጃ ተሰፋለት፣ ምንጣፍ ተነጠፈለት። ወደሱ ስንገባ ጫማ እናወልቅ ነበር፤ ለመቅደስ እንኳ እንዲህ የማይጠነቀቅ ሰው ሁሉ በካልሲ ይራመዳል። ሊያስተምረን በስድስት ወር ኮንትራት የተቀጠረው ኑርሑሴን ነው፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱት ሰዎች ልጅ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ፣ ሸንቃጣና ሳቂታ። ሁላችንም ስንት ብር ወጣበት ብለን ስንጠይቅ መሪጌታ የጠየቁት ሌላ ነው፤ «ቀይ አለው?» አሉት።

ቀይ አልነበረውም። የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ይወጣል፤ ማተሚያው ደግሞ እየጮኸ በጥቁር ብቻ ያትማል። መሪጌታ ሁለት ቀን ወደ ክፍሉ አልገቡም። በሦስተኛው ቀን ኑርሑሴን አንዳንድ ቁልፎች ብቻቸውን ቢመቱ ምንም እንደማያደርጉ አስረዳን። ኮንትሮልና ኦልት እንዲህ ናቸው። እነሱን ተጭኖ ይዞ ሌላ ቁልፍ ሲመታ፣ የዚያ የሌላው ቁልፍ ሥራ ይለወጣል። ምን ሆኖ እንደሚለወጥ የሚያዘው ደግሞ ባለቤቱ ነው፤ ለዚህ የተዘጋጀ ገጽ አለ፤ በግራ የቁልፉ ስም፣ በቀኝ የሚሠራው ሥራ ይጻፍበታል። አንድ ቃል በሙሉ እንዲያወጣ ቢፈለግ ያወጣል። ፊደሉ ደማቅ ሆኖ እንዲታተምም ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ማተሚያው አንዱን ፊደል ሁለቴ ይመታዋል። ሰው ተሳስቶ ነገሩ ቢበላሽበት ደግሞ ከገጹ ግርጌ ሁሉንም ከፋብሪካ እንደ መጣ አድርጎ የሚመልስ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን መንካት ነው፣ በቃ።

መሪጌታ ጉንጫቸውን ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ሁለተኛዋ ብዕር ናታ» አሉት። ልጁ አልገባውም፤ ግን «አዎ» አላቸው። ሰው ማስከፋት የማይወድ ልጅ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ገጽ ፊት አልተነሡም። ኦልትን ይዘው መ ሲመቱ «ማርያም»፣ ገ ሲመቱ «ጊዮርጊስ»፣ ሚ ሲመቱ «ሚካኤል»፣ ሁሉም በደማቅ ፊደል እንዲወጣ አደረጉ። እኔ በበኩሌ አንዲት ቁልፍ አዘጋጅቼ ነበር፤ ኦልትና ሰ ስነካ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» የሚል ይወጣልኛል፤ በቀን ሠላሳ ጊዜ የምጽፈው እሱን ነውና። አንድ ጠዋት ብመታ «ሥላሴ» አለኝ። መሪጌታ ቁልፍ አጥሯቸው የኔን አብዮታዊ ሰላምታ አጥፍተው ሥላሴን አስገብተውበታል። ብቆጣቸው፣ «የቀደመው ማን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ለስድስት ወር ኮርስ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሻንጣውን ያስር ነበር። በሚሄድበት ቀን ማሽኑ ፊት ያገኛቸውን መሪጌታን ጠራቸውና የስልሳ አንዱን ሠራተኛ ዝርዝር ሰጣቸው። ከአምስቱ ስም አጠገብ በእርሳስ መስቀል አድርጎበታል። እነዚህ አምስቱ ወደ ጎርጎራ መጋዘን ይዛወራሉ፤ ዝርዝሩ በኮምፒዩተር ይጻፍ፣ የሚዛወሩት ስማቸው ደማቅ ይሁን፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ዛሬውኑ ይላክ፤ ጉዳዩ ምስጢር ስለሆነ በእርሳስ የተጻፈው ይቀደድ አላቸው። መስቀል ከተደረገባቸው የመጀመሪያው ስም መርስዔ ኀዘን ነበር። ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ሁለት ታይፒስት ትርፍ ነው፤ ፈጣኗ ትቅር ተብሏል።

ምሳ ሰዓት ቤታቸው ሄደው ለባለቤታቸው ለእትዬ ወለተ ሩፋኤል ነገሯቸው። እትዬ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ሃያ ዓመት የያዙት ቦታ ነው፤ ለአንድ ቀን ቢለቁት ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት ያውቃሉ። ገንዘቡም ያለሱ አይሞላም። «እኔ አልሄድም። አንተ ሂድና ለፋሲካ ትመጣለህ» አሏቸው። አልጮሁም፣ አላለቀሱም፤ ያለቀ ነገር ነው ብለው ወጣቸውን አማሰሉ። መሪጌታ ደግሞ ውሃ አፍላ ቢባሉ ውሃውን የሚያሳርሩ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ሌሊት ተለያይተው አያውቁም፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ሲነግሩኝም መስኮቱን እያዩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ዝርዝሩን ጻፉ። ኮንትሮልን ይዘው የአምስቱን ሰዎች ሙሉ ስም አደመቁ፤ መጀመሪያ የራሳቸውን። ይህን አስበው አደረጉት። ሳያስቡ ያደረጉት ሌላ ነው። ተክለ ላይ ሲደርሱ ግራ አውራ ጣታቸው ኦልት ላይ ዐረፈ፤ ፅጌ ላይ ሲደርሱ ዐረፈ፤ ወለተ ላይ ሲደርሱ ዐረፈ። ማተሚያው ቅዱሳኑን ሁለት ሁለት ጊዜ እየመታ ጮኸ። ወረቀቱን አንሥተው አዩት፤ ቅዱሳኑ ደምቀው ወጥተዋል፣ ገጽ ማለት እንዲህ ነው። ሥራ አስኪያጁም ዓይኑ አውሮፕላኑ ላይ ስለነበር «ስማቸው በደማቅ የተጻፈው ወደ ጎርጎራ እንዲዛወሩ» የሚለውን ሸኚ ደብዳቤ ብቻ አይቶ ፈረመ። በእርሳስ የተጻፈው ተቀደደ። ሰውየው ሄደ።

በወሩ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። ዝውውሩ ተፈቅዷል፤ የአሥራ ዘጠኝ ሰው ዝውውር። ግማሹ ስም ደምቆ ግማሹ ፈዝዞ ሲያዩ ማተሚያው ሪባን የጨረሰ መስሏቸው በሙሉ እንደ ደማቅ ቆጠሩት፤ ይህንም በደብዳቤው ግርጌ አሳስበውናል፣ ሪባን በወቅቱ ይቀየር ብለው። ወለተ ሥላሴ ሐይቁን በሩቅ ስታየው የሚያዞራት ሴት ናት፤ ተዛወረች። ተክለ ጊዮርጊስ ሚስቱ ልትወልድ ሳምንት የቀራት፤ ተዛወረ። እኔም ተዛወርሁ። ከሁሉ የባሰው ግን ካድሬው አንዳርጋቸው፣ ሥራ አስኪያጁን ተክቶ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ በወሩ፣ መዛወሩ ነው። ያባቱ ስም ገብረ ሥላሴ ነው።

ደብዳቤውንና አብሮት የተመለሰውን ዝርዝራችንን ይዤ መሪጌታ ጋ ገባሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ ስቆጣ ደግሞ ዕድሜ አላይም። «ምን አድርጌዎት ነው?» አልኋቸው። ዝርዝሩን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና ስሕተት የለበትም አሉኝ። እንደገና እንዲያዩት ነገርኋቸው። እንደገና አዩት፤ ስሕተት አላገኙም። በሦስተኛው ጣቴን «ማርያም» ላይ አድርጌ ለምን ደመቀ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ታዲያ እመቤታችን...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉን የነገሩኝ፤ አምስቱ እነማን እንደሆኑ፣ የእርሳሱ ጽሑፍ እንደተቀደደ፣ እትዬ ያሏቸውን። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። የምናገረው ነገር አያኮራኝም፤ ግን እንዲህ ብዬ መከርኋቸው፤ አምስቱን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ሥራ አስኪያጁ እስኪመለስ ነገሩ ይረሳል፣ አራት ነበሩ ቢሉ ማን ያያል? ዝርዝሩን አጣጥፈው መለሱልኝ። እኔም ይህን እንደ እሺታ ቆጥሬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ተጠራ። አንዳርጋቸው ዝርዝሩን ሦስት ቀን ሲያጠና ሰንብቷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ አሻጥር ሳይሸተው አልቀረም፤ ግን አሻጥሩን ከፍ አድርጎ ቢናገር ያባቱን ስም ማንሣት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ሄዶ ሄዶ፣ ጓድ መሪጌታ ራሳቸውን ይሂሱ አለ።

መሪጌታ ተነሡ። ስለ ብራናው፣ ስለ አጎታቸው፣ ስለ ሁለቱ ብዕሮች ተናገሩ። ኦልትን ለሁለተኛ ብዕር እንዳዘጋጇት፣ አሥራ አራቱን ሰዎች እሷ እንዳደመቀቻቸው አስረዱ። «ጥፋቱ የእጄ ነው። እጄ እመቤታችንን በጥቁር መጻፍ አልተማረም» አሉ። ከኋላ የነበሩት መጋዘነኞች ሳቁ። አንዳርጋቸው በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ። ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ አሥራ አራቱ በስሕተት ከሆነ፣ በትክክል የተመረጡት እነማን ናቸው?

እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«አምስት ናቸው» አሉ መሪጌታ። «አንደኛው እኔ ነኝ።»

ከዚያ የአራቱን ስም ጠሩ። ሁለቱ ከማክሰኝትና ከጎርጎራ ስለሆኑ ለአገራቸው ሲበቁ ደስ ብሏቸው ተያዩ፤ ሌሎቹም ወንደላጤዎች ነበሩ፣ ግድ አልሰጣቸውም። የከበደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸውም የጨረሱ መስሏቸው ሊቀመጡ ኮታቸውን ሰበሰቡ።

ኑርሑሴን እጁን አወጣ። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነ በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። «ጓድ ሰብሳቢ፣ ጋሼ መርስዔ ከሄዱ ማሽኑን አብረው ይውሰዱት» አለ። «ቁልፎቹን በራሳቸው እጅ ልክ አዘጋጅተዋቸዋል። ሌላ ሰው ቢነካቸው የሚወጡት ቅዱሳን ናቸው። ይህን ለመመለስ ከውጭ አገር ባለሙያ ማስመጣት ነው፤ እኔ አልችለውም።»

እኔ ራሴ እንኳ እንደምችለው አውቃለሁ። መሪጌታም ያውቃሉ። ከገጹ ግርጌ ያለችውን ቁልፍ መንካት ነው፤ ያስተማረንም እሱ ነው። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ለኔ ታስቦ ነበር፤ አፌን ብከፍት ሰኞ ምንጣፉ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህን እዚያው ቁጭ ብዬ አስቤዋለሁ፤ አላሰብሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል።

መሪጌታ ተነሡ። ሊናገሩ እንደሆነ ከአገጫቸው ዐወቅሁ፤ ሰውየው አንዴ እውነት የጀመራቸው ቀን መቆሚያ የላቸውም። የኮታቸውን ጫፍ ይዤ ወደታች ጎተትኋቸው። እንደገና ሊነሡ ሞከሩ፤ አሁን በሁለት እጄ ጎተትሁ። ስፌቱ ከብብታቸው እስከ ወገባቸው ተረተረና ቁጭ አሉ። ዘወር ብለው አዩኝ። ከዚያ ኑርሑሴንን አዩት። ዝም አሉ።

አንዳርጋቸው የውጭ ምንዛሪ የሚለውን ነገር ሲሰማ ነገሩ ቀለለው፤ ለአዲስ አበባ የሚጻፍ በቂ ምክንያት ተገኝቷል። አሥራ አራቱ ባሉበት እንዲቆዩ፣ አራቱ እንዲዛወሩ፣ ጓድ መሪጌታ በማሽኑ ላይ እንዲመደቡ ተወሰነ። ደብዳቤውን በአሮጌው የጽሕፈት መኪና የመታሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያም በኋላ ሦስት ዓመት ያችኑ መኪና ስመታ ኖርሁ።

ኮቱን ልስፋልዎት ብዬ ወሰድሁት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁለት ጉልበታቸውን በቅቤ ያሻሉ። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይሰግዳሉ፤ ግንባራቸው መሬት ይነካል፣ ይነሣሉ፣ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ምነው ብዬ መሪጌታን ጠየቅኋቸው።

እሑድ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደዋል። እውነት እያወቁ ዝም ስላሉ አርባ ስግደት ታዘዘላቸው። ያ የሚገባ ነው። ግን መሪጌታ በዚያ አልተመለሱም፤ ልጁ ስለዋሸውስ? ብለው ጠየቁ። ቄሱ የሱ ሃይማኖት ሌላ ነው፣ በሱ እኛ አናዝም አሏቸው። «የዋሸው ለኔ ነው፤ ባለዕዳው እኔ ነኝ» ብለው በገዛ እጃቸው ሌላ አርባ ጨመሩበት። የራሳቸውን ትናንት ሰገዱ። የኑርሑሴንን ዛሬ ጀምረው ሃያ ሁለት ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለ።

እትዬ ሳያቋርጡ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተናገሩኝ። «ለፋሲካ ትመጣለህ ያልሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ወጡን ሳማስል ለምን ፊቴን እንዳዞርሁበት አላወቀም። ሳይሄድ የቀረልኝ ለኔ ነው፤ ስግደቱም የኔ ነው» አሉ።

መሪጌታ ጉልበታቸውን ማሸት ትተው ያዳምጣሉ። ይህን እሳቸውም ገና መስማታቸው እንደሆነ ከዓይናቸው አየሁ።

ኮቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። እኔም ዝም ብያለሁ፤ እኔ ግን የንስሐ አባት ዘንድ አልሄድሁም ነበር። ስንት ቀረ ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ወለተ ሩፋኤል ጣታቸውን ቆጠሩና ዘጠኝ አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ቆምሁ፤ ዘጠኙን እኔ ሰገድሁ።